ለስምንት ሰው ቤተሰብ ሃይብሪድ ተሳቢ ቤት ወይስ ሙሉ ግድግዳ ያለው?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የውይይት ክር ማጠቃለያ ነው። የክሩ መነሻ። ጠያቂው ከ4 እስከ 17 ዓመት ያሉ ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር ስምንት ናቸው። መኪናቸው ስምንት መቀመጫ ያለው ትልቅ የቤተሰብ መኪና ነው። የመጎተት አቅሙ 3,400 ኪሎ ሲሆን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሰውና የዕቃ የጭነት አቅሙን 680 ኪሎ ይለዋል። ለምርጫ ያቀረቡት ሁለት ተሳቢ ነው። አንደኛው ሃይብሪድ ነው፦ መሀሉ ጠንካራ ግድግዳ ያለው ቤት ሆኖ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን የግድግዳው ክፍል ወደ ውጭ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፣ በላዩም የሸራ ድንኳን ይቆማል። ተዘግቶ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ባዶውን 2,100 ኪሎ ይመዝናል፣ ተጭኖ ከ2,850 ማለፍ የለበትም። የሽያጭ ወረቀቱ አስር ሰው ያስተኛል ይላል። ሁለተኛው ሙሉ ግድግዳና ተደራራቢ አልጋ ያለው፣ 9 ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ባዶውን 3,000 ኪሎ የሚመዝን ነው። ሁለቱም ከ3,400 በታች ስለሆኑ መኪናው አያስቸግርም፣ ሃይብሪዱ ቀላልም ሰፊም ስለሆነ የቀረው የውስጥ አሠራሩን መምረጥ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው አብዛኛው መልስ ይህን እምነት የሚሞግት ነው።

1ኛ መልስ። በትህትና ይጀምርና የአልጋውን ቁጥር ያርማል። አስር ሰው የሚለው ቁጥር የምግብ ጠረጴዛውንና ሶፋውን እንደ አልጋ ይቆጥራል። ጠረጴዛው ወደ አልጋ ሲቀየር ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በየማታው ይፈርሳል፣ በየጠዋቱ ይተከላል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ሳይፈርስ የሚቆይ አልጋ ነው። በዚህ ስሌት ሦስቱ የሸራ አልጋዎች፣ እያንዳንዳቸው 150 በ200 ሴንቲ ሜትር፣ ስድስት ሰው ይይዛሉ። ሁለት ልጆች ሶፋው ላይ ይተኛሉ፣ ጠረጴዛው ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል። እሱም ቢሆን አራት ሰው ብቻ ስለሚያስቀምጥ ዝናብ በጣለ ቀን ስምንት ሰው በሁለት ዙር ይበላል። መልሱ በዚህ ሁሉ ሃይብሪዱን ይደግፋል።

2ኛ መልስ። ስለ አልጋ አንድ ቃል አይናገርም፤ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስምንቱ ሰዎች ከነጫማቸው፣ ከነልብሳቸውና ከሕፃን መቀመጫው ጋር 400 ኪሎ ያህል ናቸው። ተሳቢው ውሃ፣ ጋዝ፣ ምግብና ልብስ ሲጫንበት 2,700 ኪሎ ይደርሳል። ሲጎተት እንዳይወዛወዝ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ተሳቢውን ከመኪናው ጋር በሚያያዘው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፣ ይህም ከመኪናው የጭነት አቅም ላይ ይቆጠራል፤ 12 በመቶ ቢወሰድ 324 ኪሎ ነው። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻው፣ ማለትም የመንጠቆውን ጫና በተወጠረ ዘንግ ወደ መኪናው የፊት ጎማና ወደ ተሳቢው ጎማ የሚያካፍለው መሣሪያ፣ ራሱ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ድምሩ 764፣ የመኪናው የጭነት አቅም 680። አንድ ሻንጣ ሳይጫን 84 ኪሎ አልፏል ማለት ነው። በ10 በመቶ ቢሰላም 30 ኪሎ ያልፋል። በማስታወቂያ የሚጻፈው የመጎተት አቅም በአብዛኛው መኪናው ውስጥ ሾፌርና ምናልባት አንድ ተሳፋሪ ብቻ እንዳለ ተቆጥሮ የወጣ ስለሆነ፣ ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ 3,400 ሳይቃረብ የጭነት አቅሙ ያልቅበታል። በእኔ ግምት የክሩ አከርካሪ ይህ መልስ ነው፤ ተሳቢ የሚመርጥ ትልቅ ቤተሰብ ከዚህ ስሌት ካልጀመረ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

3ኛ መልስ። በር ላይ ያለው ቁጥር ለጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ክብደት አከፋፋዩ ጫናውን ወደ ተሳቢው ጎማ ይመልሰዋል፤ የኋላው ከወረደም ባሌስትራ ማጠንከር ወይም የአየር ከረጢት ማስገባት ይበቃል ይላል።

4ኛ መልስ። ቁጣ አለበት፤ ቁጥሮቹ ግን ትክክል ናቸው። የአየር ከረጢት የወረደውን ኋላ ቀና ያደርጋል እንጂ የአክስሉን፣ የቸርኬውን፣ የጎማውንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። ክብደት አከፋፋዩም ከ324 ኪሎው ወደ ተሳቢው ጎማዎች የሚመልሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ65 እስከ 80 ኪሎ። የራሱ 40 ኪሎ ሲቀነስ የሚተርፈው ከ25 እስከ 40 ነው፤ 84ቱን አይሸፍንም። ዋና ሥራው ከፊት ጎማ የተነሣውን ክብደት ወደ ፊት መመለስ ነው፣ ምክንያቱም የፊት ጎማ ሲቀል መሪውም የፊት ፍሬኑም ይደክማሉ። ቀጥሎ አመዛዘኑን በዝርዝር ይሰጣል። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ሦስት ጊዜ መውጣት ነው፦ መጀመሪያ መኪናው ብቻውን ከነቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ከነተሳቢው የአከፋፋዩ ዘንግ ተወጥሮ፣ በመጨረሻ ዘንጉ ተፈትቶ። ዘንጉ ተፈትቶ መኪናው ላይ ከተነበበው መኪናው ብቻውን የመዘነው ሲቀነስ የመንጠቆ ጫናው ይገኛል። ዘንጉ ተወጥሮ በሁለቱ የመኪናው አክስሎች የተነበበው ደግሞ ከአምራቹ ጣሪያ ጋር ይወዳደራል። መንጠቆው የሚገባበት ብረትም የራሱ ጣሪያ እንዳለው፣ እሱም ወረቀቱ ላይ እንደሚነበብ ያክላል።

5ኛ መልስ። ጠያቂው ይመለሳሉ። መኪናውን መቀየር እንደማይቻል ገልጸው፣ ታዲያ ምን ያህል የሚመዝን ተሳቢ ይስማማኛል ብለው ይጠይቃሉ።

6ኛ መልስ። ስሌቱን ከኋላ ወደ ፊት ያዞረዋል። ከ680 ላይ 400 የሰው፣ 40 የመጎተቻው፣ 60 መኪናው ውስጥ የሚጫን ዕቃ ሲቀነስ ለመንጠቆው የሚተርፈው 180 ኪሎ ነው። ይህ በ0.12 ሲካፈል 1,500 ኪሎ ይሆናል፣ ያውም ተጭኖ። በዚህ ክብደት ሦስት የሸራ አልጋ ያለው ሃይብሪድ አይገኝም፤ ያለው ዝቅ ብሎ የሚታጠፈው ባለሸራ ተሳቢ ነው። ልጆቹም በዚያው መጠን አይቆዩም። ስድስቱ በአማካይ በዓመት አራት አራት ኪሎ ቢጨምሩ በሦስት ዓመት 70 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ 180 የነበረው 110 ይሆናል። መፍትሔ የሚለው ሁለተኛ መኪና ነው። አንድ ወላጅና ሦስቱ ትልልቅ ልጆች፣ በድምሩ 240 ኪሎ ገደማ፣ በሌላ መኪና ሲሄዱ በጎታቹ ውስጥ የሚቀረው 160 ነው። ለመንጠቆው 420 ኪሎ ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ባለ 2,700 ኪሎው ሃይብሪድ በምቾት ይገባል።

ይህ መልስ ከሌሎቹ የሚበልጠው ተሳቢ ሳያስቀይር የሰውን አቀማመጥ በማስተካከል ችግሩን ስለፈታ ነው። ሁለት ሾፌር ለሌለው ቤት ግን አይሠራም፤ ክሩ ውስጥ ይህን ያነሣ የለም።

7ኛ መልስ። ሌላ መንገድ ያቀርባል፦ ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከተሳቢው ኋላ መጫን፣ ብስክሌቶቹንም ከኋላ መከላከያው ላይ መስቀል። የመንጠቆው ጫና ይቀንሳል፣ መኪናውም ይቀለዋል።

8ኛ መልስ። የክሩ ቁጣ ጫፍ የደረሰው እዚህ ነው፤ አደጋው የሰው ሕይወት ስለሆነ ቁጣው ተገቢ ነው። አራት ብስክሌትና ማንጠልጠያው 80 ኪሎ ቢሆኑ፣ ከአክስሉ 3.5 ሜትር ወደ ኋላ ሲሰቀሉ፣ መንጠቆው ደግሞ ከአክስሉ 5 ሜትር ወደ ፊት ሲሆን፣ መንጠቆው ላይ ያለው ጫና በ56 ኪሎ ይቀንሳል። 324 የነበረው 268 ይሆናል፣ ጠቅላላው ክብደት ደግሞ 2,780 ደርሷል፤ ከ10 በመቶ በታች ወረደ ማለት ነው። አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ የጎን ንፋስ ወይም የሚያልፍ ትልቅ መኪና ሲገፋው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ውዝዋዜው እየሰፋ ሄዶ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን መርገጥም መሪ ማዞርም አይገባም፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ፣ የተሳቢውን የኤሌክትሪክ ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ አድርጎ መያዝ ነው። በሃይብሪድ ላይ ደግሞ የኋላ ማንጠልጠያ ሌላ ጣጣ አለው፦ ሳይነሣ የኋላው አልጋ አይዘረጋም።

9ኛና 10ኛ መልስ። አንዱ ሃይብሪድ ነዳጅ ይቆጥባል ይላል፣ ሌላው በአጭሩ ያርመዋል። በረጅም መንገድ ነዳጅ የሚበላው በዋናነት ፊት ለፊት ንፋስ የሚገጥመው ስፋት ነው፤ ሃይብሪድ ሲዘጋ ቁመቱ ከሙሉ ግድግዳው እኩል ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው ዝቅ ብሎ የሚታጠፈው ዓይነት ነው። ከዚህ በላይ የሚባል አልነበረውም።

11ኛ መልስ። ስለ ሸራው ነው፤ እንደ መመሪያ ሊቀመጥ የሚገባው ጽሑፍ ነው። ሸራ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት፣ ሞቃት ከሆነ ሻጋታው ከዚያም ይፈጥናል። በዝናብ መዝጋት ግድ ከሆነ የመኝታ ልብሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፍራሹ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ሸራው በፎጣ ይጠረግና በፕላስቲኩ ላይ ይታጠፋል። ፕላስቲኩ ከሌለ የታጠፈው ሸራ ውሃውን ለፍራሹ ይሰጣል፤ ስፖንጅ ደግሞ ከሸራ በብዙ እጥፍ ዘግይቶ ይደርቃል። ሰው ከሁሉ በላይ የሚስተው የሸራውን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከአልጋው ጣውላ ውጭ ወርዶ መታሰር አለበት። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ዝናቡ በሸራው ወርዶ ቀጥታ ፍራሹ ሥር ይገባል፣ ባለቤቱም ስፌቱ ያፈሰሰ መስሎት የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይከርማል። ማጠቢያው ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ነው። በረኪና ውሃ የማያስገባውን ቅብና ስፌቱን ይጎዳል።

የተዘጋው አልጋ ዙሪያ ያለው ጎሚኒም፣ ማለትም ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የጎማ ጠርዝ፣ እንደ ሸራው ይታያል። የፊት አልጋው በጉዞ ላይ ዝናብና ንፋስ በቀጥታ ይመታዋል፤ ውሃው ብዙውን ጊዜ የሚገባው በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ቀጭን ወረቀት ጎሚኒው ላይ አድርጎ መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ። ያለ ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ጎሚኒው አይገጥምም፤ መቆለፊያው ይጠብቃል ወይም ጎሚኒው ይቀየራል። ጎሚኒው የሚቀባው ሲሊኮን ነው፤ ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል።

12ኛ መልስ። ወደ 11ኛው ይመለስና አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ የት ነው የሚደርቀው? 7 ሜትሩ ተሳቢ የፊትና የኋላ አልጋው ሲዘረጋ 10 ሜትር ይሆናል፣ በጎንም አንድ ሜትር ተኩል ይጨምራል። ይህን የሚበቃ የራሱ ግቢ ለሌለው፣ ተሳቢውን በኪራይ ቦታ ለሚያቆም ሰው፣ ከዝናብ ማግሥት ሦስት ድንኳን ማድረቂያ የለውም። ተሳቢው የሚቆምበትን ቦታ ሲመርጡም መለካት ያለበት የተዘረጋው ርዝመት ነው፤ በአልጋው ከፍታ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ አለመኖሩም ይታያል።

13ኛ መልስ። ስለ እስትንፋስ ነው። የተኛ ሰው በሌሊት ሩብ ሊትር ያህል እርጥበት በትንፋሽና በላብ ያወጣል፤ ስምንት ሰው ሁለት ሊትር። ብርድ ሲሆን ይህ ውሃ በሸራውና በፍራሹ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ጣውላ ላይ ይጤዛል። ፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ መረብ ማንጠፍ፣ የጣሪያውን ቀዳዳና በተቃራኒ ጎን ያለ አንድ መስኮት ጥቂት ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ራሱ ውሃ ያተናል፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የጋዝ መጠቆሚያ መሣሪያው ላይ የማብቂያ ቀን ተጽፏልና ቀኑን ማየት ነው።

14ኛ መልስ። የሙሉ ግድግዳ ደጋፊ ነው፣ ቋንቋውም ይቆርጣል። ሃይብሪድ የድንኳንን ድካም ከቤት ክብደት ጋር ደርቦ የሚያሸክም ነው ይላል። በተደራራቢ አልጋ ደርሶ ወዲያው መተኛት ይቻላል፣ የሚደርቅ የለም፣ ሙቀት አይባክንም፣ ድምፅም አይገባም።

15ኛ መልስ። 14ኛው ያለው እውነት መሆኑን ተቀብሎ፣ ለዚህ ጠያቂ ግን እንደማይሆን በቁጥር ያሳያል። 3,000 ኪሎ ባዶ ክብደት ላይ የስምንት ሰው ዕቃ፣ ምግብና 150 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 150 ኪሎ፣ ሲጨመር 3,500 ያልፋል፤ የመኪናው የመጎተት አቅም ራሱ አለቀ። ሙሉ ግድግዳ የሚሻ ትልቅ ቤተሰብ አስቀድሞ የከባድ ክፍል መኪና ሊኖረው ይገባል። 

16ኛ መልስ። ክርክሩን ትቶ ያገለገለ ሃይብሪድ ሲገዛ የሚፈተሸውን ይዘረዝራል። ሦስቱም አልጋዎች ሳይዘረጉ ዋጋ አይነገርም። ከፍራሹ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ በጣት ይጫናል፤ ከለሰለሰ ወይም ከጠቆረ በስብሷል። ከአልጋው መክፈቻ ሥር ያሉት የወለል ማዕዘኖች በእግር ይረገጣሉ። የውጭው ግድግዳ በብርሃን አግድም ይታያል፤ እብጠት ካለ ውሃ ገብቶ ሙጫውን አላቋል፣ ይህ ደግሞ በቀላል ጥገና የሚድን አይደለም። የእርጥበት መለኪያ ካለ እንጨት ላይ ከ20 በመቶ በላይ ማንበቡ ክፉ ምልክት ነው። ከዚያ ሁሉም ተዘግቶ በውሃ ጎማ ከታች ወደ ላይ እየተረጨ ይሞከራል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ በየትኛው በኩል እንደገባ አይለይም። የጎማውን ዕድሜ የጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይፈነዳል፤ አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው የመቀየሪያው ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል። በመጨረሻም ሮክውድ ሩ እና ፍላግስታፍ ሻምሮክ ከአንድ አምራች፣ ከፎረስት ሪቨር፣ የወጡ መንትዮች ስለሆኑ ፈላጊ በሁለቱም ስም እንዲያስስ ይመክራል፤ የጄይኮው ጄይ ፌዘርም ባለሸራ አልጋ ሆነው የተሠሩ አሉት።

17ኛ መልስ። ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ይርቃል፤ ለስምንት ሰው ግን ውሃና መብራት ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ስምንት ሰው በቀን አምስት ጊዜ መጸዳጃ ቢጠቀምና በየጊዜው አንድ ሊትር ተኩል ቢወርድ 60 ሊትር ነው፤ 100 ሊትር የሚይዘው ታንከር ሁለት ቀን አይሞላውም። እያንዳንዱ በ15 ሊትር ቢታጠብ 120 ሊትር የመታጠቢያ ፍሳሽ በአንድ ማታ ይጠራቀማል። የማሞቂያው ቬንትሌተር ከባትሪ 7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ አስር ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 35 አምፔር ሰዓት ነው። ከ100 አምፔር ሰዓት የተለመደ ባትሪ ሳይጎዳ የሚወሰደው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይበቃል። ሸራው ሙቀት ስለሚያሳልፍ ሃይብሪድ ላይ ማሞቂያው የበለጠ ይሠራል፤ ሁለተኛ ባትሪ እዚህ ትርፍ አይደለም።

18ኛ መልስ። አጭር ነው፣ ጉዞ ያቀደ ሁሉ ግን ሊያየው ይገባል። ድብ ባለባቸው አንዳንድ ቦታዎች የሸራ ግድግዳ ያለው ማናቸውም ተሳቢ አይገባም። በአሜሪካ በዬሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ያለው የፊሺንግ ብሪጅ ማረፊያ ጠንካራ ግድግዳ ላላቸው ብቻ ነው፤ ሃይብሪድ በሸራ አልጋው ምክንያት ይመለሳል።

19ኛ መልስ። ጠያቂው ውሳኔያቸውን ይናገራሉ። ሙሉ ግድግዳው ተሰርዟል፤ በሁለት መኪና ይሄዳሉ፣ ሃይብሪዱንም ከነሙሉ ጭነቱ በ4ኛው መልስ አሠራር ያስመዝናሉ። የቀራቸው ስጋት ሁለት ነው፦ የ4 ዓመቱ ልጅ በሸራ አልጋ መተኛቱ፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ከባድ መሆናቸው።

20ኛ መልስ። ክብደቱ አያሳስብም፤ የ15ና የ17 ዓመቶቹ አንድ ላይ 120 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ የአልጋው ጣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ400 ኪሎ በላይ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር አልጋው አጠገብ ተለጥፏል። የሚያሳስበው መደገፊያዎቹ በትክክል ሳይገቡ መውጣት ነው፤ ማንም ከመውጣቱ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ሁለቱንም በእጁ ይነካል። ሕፃኑን በሸራ አልጋ አለማስተኛት ይሻላል፤ ሸራው የታሰረበት ጠርዝ የተኛ ልጅ ሲገፋው ሊለቅ ይችላል፣ ከአልጋው እስከ መሬት ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ለእሱ ሶፋው፣ ከፊቱም መከለያ። ሌላ አማራጭ ከጠፋ በወላጆቹ አልጋ በወለሉ በኩል እንዲሆን፣ በሸራው በኩል ወላጅ እንዲተኛ።